ባዶ የተውሁት መስመር

ኅዳር ፲፪፣ ቅዱስ ሚካኤል። ከቀ. ፱ ሰዓት

ንግሡን ሳልፈጽም ወደ ሆስፒታል ወረድሁ፤ ሠልጣኜ ይበልጣል ታካሚ ነበረበትና። ጠዋት ሜዳው ሁሉ ውርጭ ለብሶ ነበር። ጣቶቼ እስካሁን እስክሪብቶውን በወጉ አይጨብጡም። ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሠኝ፣ መዝገቤ።

ይበልጣል ዘንድሮ የሥነ ልቦና ሕክምና እንዲለማመድ ወደ ደባርቅ የተላከ ሠልጣኝ ነው። አንድ ብቻ። የማሠለጥነውም እኔ ብቻ። ጡረታ ወጥቼ ወደ አገሬ ከተመለስሁ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ይጠሩኛል። ሥራዬ ይኸው ነው፦ ታካሚውን አስፈቅደን በክፍሉ ጥግ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ሠልጣኙን እሰማለሁ።

የዛሬዋ ታካሚ ከአምባራስ ቀበሌ የመጣች እናት ናት። ልጇ ለሥራ በሊማሊሞ ከወረደ አራተኛ ወሩ፤ ድምፁ ጠፍቷል። እንቅልፍ የላትም። ይበልጣል አላቻኮላትም። ይደውላል ብሎም አልደለላት። ውሻ ሲጮኽ ምን እንደምታስብ፣ በር ሲንኳኳ ስንት ጊዜ እንደምትነሣ፣ አንድ በአንድ አስነገራት። ከዚያ ለሦስት እስትንፋስ ያህል ጠበቀ። ያን ጊዜ አለቀሰች። ስትወጣ መቼ ልመለስ ብላ ጠየቀች። መልካም ምልክት።

ምንም አላልሁም። ፈርሜ ተነሣሁ። ልጁ በሩ ላይ ጥቂት ቆየ። የሚጠይቀኝ ያለው መሰለኝ። ሄደ።

ኅዳር ፲፬። ከጠ. ፬ ሰዓት

ታካሚ የለም። መስኮቱ ሥር ፀሐይ እየሞቅሁ ነው። የኔታን አሰብሁ።

ደረስጌ፣ ዜማ ቤት። የኔታ ጀርባቸውን ለግንቡ ሰጥተው፣ ዓይናቸውን ከድነው። እንግዳ ቢያያቸው ተኝተዋል ይላል። እኛ ጾመ ድጓ እንዘልቃለን። አንዲት የዜማ ምልክት የሳትን እንደ ሆነ መቋሚያቸው መሬቱን ትመታለች። አንድ ጊዜ። ተመልሰን እናቀናለን። ካልመታች አልፈናል። ይህ ነበር ሕጉ፤ ማንም አልነገረንም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ቀትር ሳትመታብኝ ዋልሁ። ምንም አላሉኝም። ተነሥተው ሄዱ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ አስኳላ፤ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፤ ከዚያም በማስተማሪያ ሆ/ል የሠልጣኞች ኃላፊ። መጽሐፉ ተለወጠ። የምሰማበት ጆሮ ግን የዜማ ቤቱ ነው። የሳተውን እመልሳለሁ፤ ያልሳተውን አሳልፋለሁ።

የኔታ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። ድምፃቸውን አይደለም የምናፍቀው። ዝምታቸውን ነው።

ኅዳር ፲፭

ጾመ ነቢያት ገባ። ነቢያት ይመጣል ያሉትን ሳያዩ በናፍቆት ዓይናቸው ፈዘዘ። ይህን ጾም ከሌሎቹ ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። የመጠበቅ ጾም ነው።

በዘጠኝ ሰዓት ባለቤቴ ደብሬ ሽሮ አቀረበች። በላሁ። ጨው አነሰው ወይ አለችኝ። አላነሰውም አልሁ።

«ታዲያ አፍ የለዎትም?»

«ያነሰው ቢሆን እነግርሽ ነበር።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ድምፅዎን የምሰማው ጨው ያነሰው ቀን ነው። አንዳንዴ ሆን ብዬ አሳንሰዋለሁ።»

ቀልድ መሰለኝ። ሳህኑን እያነሣች ነበር፤ ፊቷን አላየሁትም። ቀልድ ነው።

ኅዳር ፲፰። ከቀ. ፰ ሰዓት

ይበልጣል ዛሬ ታካሚው ከወጣ በኋላ አልሄደም። ወንበር አሳየሁት። አልተቀመጠም። ወደ ዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ እንድጽፍለት ለመነኝ፤ የሕክምናውን ዘርፍ ትቶ ወደ ሌላ ትምህርት ሊዛወር ነው። ምክንያቱን ጠየቅሁት። መልሱን ቃል በቃል አስቀምጥልሃለሁ፤ እንዳልረሳው።

«መምህር፣ አራት ሳምንት ሙሉ አንድ ፊድባክ አልሰጡኝም። እኔ ስሠራ ይተኛሉ። ለዚህ ሥራ እንደማልሆን ገብቶኛል። እርስዎ በደግነትዎ ሊነግሩኝ አልፈለጉም።»

አለመተኛቴን ነገርሁት። አላመነኝም። የአምባራሷ እናት ያለችውን፣ እሱ የመለሰላትን፣ የት ላይ እንደ ጠበቀ፣ ለስንት እስትንፋስ እንደ ጠበቀ፣ ሁሉንም እንደ ቃል ትምህርት ወረድሁለት። ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ አለ። ስላልሳትህ አልሁት።

«ስላልሳትሁ?»

ተቀመጠ። ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ትናንት ለአባቱ ደውሎ እተወዋለሁ ብሎት ነበር። አባቱ ስልኩ ላይ ዝም አለው።

ደብዳቤው ቀረ። እሱ ከሄደ በኋላ ከበርጩማዬ አልተነሣሁም። አንድ ስም ልቤን መታው። አንድ ጊዜ። እንደ መቋሚያ።

ዘሀራ።

ያው ቀን። ከቀ. ፲፩ ሰዓት

ስለ ዘሀራ አልጻፍሁልህም። አንተ የመስከረም መዝገብ ነህ፤ እሷ ካንተ በፊት ናት።

የዳባት ልጅ። አባቷ ሐጂ፣ የጨርቅ ነጋዴ። ጡረታ ሳልወጣ ሁለት ዓመት በእኔ ሥር ሠለጠነች። እንደ እሷ የሚሰማ ጆሮ አላስተማርሁም። ከዜማ ቤት መምጣቴን የሰማች ዕለት «የኔታ» ትለኝ ጀመር፤ በቀልድ ጀመረችው፤ ስሜ ሆኖ ቀረ። በዚያ ስም የጠራኝ ሌላ ሰው የለም፤ ከእሷም በፊት፣ ከእሷም በኋላ። ሥልጠናዋን ስትፈጽም የመጨረሻውን የግምገማ ቅጽ ሞልቼ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። በአራት አጠፈችው። «እሺ የኔታ» አለች። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ወደ አባቷ ሱቅ ገባች ሲሉ ሰማሁ። አባቷ ጠርቷት ነው አልሁ። ተማሪ ወደ መምህሩ ይመጣል እንጂ መምህር ተማሪ ፍለጋ አይወጣም፤ በዚህ አደግሁ። ትመጣለች ብዬ አምስት ዓመት በር በሩን አየሁ።

አሁን ሣጥኑን ከፍቼ የቅጹን ግልባጭ አወጣሁ። «መታረም ያለበት» ከሚለው ሥር፣ በእጄ ጽሕፈት፦ ንግግሯ አንዳንዴ ይፈጥናል። «ጠንካራ ጎን» ከሚለው ሥር አምስት መስመር አለ።

አምስቱም ባዶ።

ባዶ ስተወው ማክበሬ ነበር። ከጠዋት እስከ ቀትር አልተመታብሽም ማለቴ ነበር። እሷ ግን ዜማ ቤት አልዋለችም። ማን ይነግራታል?

ኅዳር ፳፩፣ ጽዮን

በማኅሌቱ ቆሜ ልቤ አልቆመም። አብሮኝ የቆመው መርጌታ በክርኑ ነካኝ። ዜማውን ዘልዬ ገብቻለሁ። እኔ። በዚህ ዕድሜዬ ተመለስሁ።

ያስታወስሁት ይህን ነው። በሊማሊሞ መኪና የተገለበጠበት አንድ ሹፌር ነበረ። ከእርሱ በቀር የተረፈ የለም። ሦስት ቀን መጣ፤ ሦስቱንም ቀን አልተናገረም። ሌላ ሠልጣኝ ቢሆን ጥያቄ ያዘንብበት ነበር። ዘሀራ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እኔም ብዙ ወሬ የለኝም፤ አብረን እንቀመጥ፣ አለችው። ተቀመጡ። በአራተኛው ቀን መጨረሻ ላይ ሰውየው «ፍሬኑ ደኅና ነበር» አለ። ሌላ ምንም። ሁሉም በዚያች ቃል ውስጥ ነበረ። አልተንቀሳቀሰችም። አላጽናናችውም። ቃሉን ብቻውን እንዳይሸከመው አብራው ያዘችለት።

ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችብኝ። «የኔታ፣ እንቅልፍዎ እንዴት ነበር?» ፈገግታዬን በነጠላዬ ሸፍኜ አለፍሁ። ኋላዬ ቆማ እንደ ነበር ይታወቀኛል። ትጠብቅ ነበር። አሁን አወቅሁ፤ ትጠብቅ ነበር።

ኅዳር ፳፬። ከጠ. ፭ ሰዓት

የድሮ ስልኳን ሞከርሁ። አይሠራም። ደብዳቤ ጀመርሁ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ንግግሯ እንዴት መዘግየት እንዳለበት ስገልጽ ራሴን አገኘሁት። ቀደድሁት።

ሁለተኛውን ጀመርሁ። በግእዝ አርእስት ሰጠሁት። እሱንም ቀደድሁ።

ደብሬ ብጥስጣሹን እየለቀመች ለማን እንደ ሆነ ጠየቀች። ነገርኋት። ስለ ባዶው መስመርም ነገርኋት። ብጥስጣሹን ለቅማ ጨረሰች። ከዚያ ዳባት በሚኒባስ አንድ ሰዓት አትሞላም፤ መንገዱም ሰሞኑን ክፍት ነው፤ ወረቀት ምን ያደርግልዎታል አለች። መምህር ወደ ተማሪ እንደማይሄድ አስረዳኋት።

«እንግዲያ እዚሁ ቁጭ ይበሉና ያረፉትን የኔታን ይጠብቁ» አለችኝ።

ኅዳር ፳፯፣ መድኃኔ ዓለም። ከቀ. ፲ ሰዓት

ሄድሁ። አልገባሁም።

ዳባት የገበያ ቀን ነው። ሱቁን ጠይቄ አገኘሁት። ከማዶ ካለ የእህል መጋዘን ጥላ ሥር ቆምሁ፤ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው። ከጣቃው ጨርቅ መሐል አየኋት። ጥቂት ወፍራለች። መሐረቧ ሰማያዊ። አንዲት የገጠር ሴት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ታወራለች፤ ዘሀራ ጨርቅ እያጠፈች ትሰማለች። አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ፤ እንደ ጥንቱ። ሴትዮዋ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ምንም ሳትገዛ ወጣች።

ያ ጆሮ! ጨርቅ ሊሸጥበት። እኔ ባስቀመጥሁት ባዶ ላይ ይህ ተሠራ።

ይቅርታ ብዬ ብገባ ምን ይጠቅማታል? ቁስል ካለ እነካዋለሁ። ከሌለም እሱን መስማት እፈራለሁ፤ ረስታኝ ከሆነ። እውነቱ ይኸኛው ነው። ላንተ ካልዋሸሁ፣ ይኸኛው ነው።

ተመለስሁ። ደብሬ ሽሮ አቀረበች። ሽሮው ጨው አልነበረውም። ጣፋጭ ነው አልኋት። ማማሰያውን እንደ ያዘች አየችኝ፤ «ውሸታም» አለችና ጨው ልታመጣ ገባች። ስትስቅ ሰማኋት።

ታኅሣሥ ፩፣ ልደታ። ከቀ. ፮ ሰዓት

አመስግኖ ማስተማር እየተለማመድሁ ነው። በስድሳ ስምንት ዓመቴ። ትናንት ይበልጣልን አቁሜ፣ ታካሚውን ሳታቋርጥ መስማትህ መልካም ነበረ፣ አልሁት። ፊቴ ሳይቆጣ አልቀረም።

«መምህር፣ ይኼ ምስጋና ነው ወይስ ግሣጼ?» አለኝ።

ምስጋና ነው አልሁት። እንዲያ ከሆነ ቀስ ብለው ይልመዱት፣ እንዳያምዎት፣ አለ። ደፋር ሆኗል። ደስ ይለኛል።

የአምባራሷ እናት ዛሬ መጣች። ልጇ አልደወለም። ነገር ግን ሁለት ሌሊት ተኝታለች። ይበልጣል ምን ተለወጠ ብሎ ጠየቃት። ቆርጣ መነሣቷን ነገረችው። አብሮት የወረደው የጎረቤት ልጅ ተመልሶ ያለበትን ቀበሌ ነግሯታል፤ ከወንድሟ ጋር ልትወርድ ነው።

«ይመጣል እያልሁ በር ሳይ ዓይኔ ፈዘዘ፣ ልጄ። በር ማየት ምን ሥራ ነው? እኔ እወርዳለሁ እንጂ።»

በጥጉ ዓይኔን ገለጥሁ። በሥራ ላይ ዓይኔን ስገልጥ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ይበልጣል የሳተ መስሎት ደነገጠ። በእጄ ቀጥል አልሁት።

ታኅሣሥ ፯፣ ሥላሴ። ከቀ. ፲፩ ሰዓት

የይበልጣልን ቅጽ ዛሬ ሞላሁ። «ጠንካራ ጎን»፣ አምስት መስመር። ከቀትር እስከ አሁን ፈጀብኝ። ቅኔ እንዲህ አላስቸገረኝም። ስሕተት ስሙ የታወቀ ነው፤ ዘለለ፣ ፈጠነ፣ አቋረጠ። ለበጎው ግን ቃል አላከማቸሁለትም። አንዱን ጻፍሁ፦ «ሰውን በተስፋ አይደልልም።» ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ። ልጁ አንብቦ ፎቶ አንሥቶ ለአባቱ ላከው። እንዲህ ያለ ነገር ፎቶ ይነሣል? ይነሣል አለ።

አንድ ቅጽ ተርፎ ነበር። ከላይ የሥራ ቦታውን ሰረዝሁ። በስም ቦታ ዘሀራን ጻፍሁ። እንዲህ ይላል፤ ለአንተም ልገልብጠው፦

ሌላው ሊናገር ሲል ትሰማዋለች።
ዝም ያለን ሰው አታሳፍረውም።
ከሹፌሩ ጋር ያን ቀን ያደረገችውን እኔ ማድረግ አልችልም ነበር።
ቀልዷ የደከመን ሰው ያነሣል፤ እኔን አንሥቶኛል።
ይህን ስላልነገርኋት ሥራውን ተወች፤ ጥፋቱ የአሠልጣኟ ነው።

ፈረምሁ። በፖስታ አልሰድደውም። ነገ በጠዋቱ ሚኒባስ እኔው ይዤው እወርዳለሁ። አንተንም በካፖርቴ ኪስ ይዤሃለሁ።

ታኅሣሥ ፰። ዳባት። ከጠ. ፬ ሰዓት ተኩል

በሱቁ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። እሷ ቅጹን ይዛ ብርሃን ወዳለበት፣ ወደ ባንኮኒው ጫፍ ሄዳለች። እጄ ሥራ ይሻል።

ስገባ ጨርቅ ልትቆርጥ መቀስ ይዛ ነበር። አየችኝ። መቀሱን አስቀመጠችው።

«የኔታ» አለች።

አምስት ዓመት የናፈቅሁት ቃል። እንድቀመጥ አደረገች። ሻይ ልታዝዝ ወጣችና ከደጃፉ ተመለሰች፤ ለካ ጾም ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም፣ አለች። አልረሳችም።

ሁሉን ነገርኋት። ደረስጌን፣ የየኔታን መቋሚያ፣ የሳተ እንደሚመታበት፣ ያልሳተ በዝምታ እንደሚያልፍ፣ ባዶው መስመር ምን እንደ ነበረ። ሳታቋርጥ ሰማችኝ፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ። ስጨርስ ቅጹን ሰጠኋት።

አሁን እያነበበች ነው። አንደኛው መስመር። ዝም። ሁለተኛው። ዝም። አለፍሁ? ወደቅሁ? ከፊቷ ምንም አይነበብም። እሷ ሁለት ዓመት እንዲህ ተቀምጣልኛለች። ልጁ አራት ሳምንት። ደብሬ ዕድሜዋን ሙሉ። አቤቱ ማረኝ፤ አላውቅም ነበር።

ሦስተኛው ላይ ቆመች። ለረጅም ጊዜ። በመሐረቧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። አራተኛው።

አምስተኛው።

የጨርቅ መለኪያውን ብረት አነሣች። ባንኮኒውን መታች። አንድ ጊዜ።

ስቻለሁ።

«ይህን ይመለሱበት» አለች። ድምፅዋ ጸንቷል፤ ዓይኗ ግን ሊስቅ ነው። «አንድ ዓመት አልቅሻለሁ፤ እሱ እውነት ነው፤ አላርመውም። ተወች ያለዎት ግን ማን ነው?»

አየሁሽ አልሁ። ከማዶ ቆሜ አይቼሻለሁ። ጨርቅ ስታጥፊ።

«የተቀመጡበት አግዳሚ ለምን የተሠራ ይመስልዎታል? ጨርቅ የሚገዛ ሰው ቆሞ ነው የሚገዛው።»

እጄን ከአግዳሚው ላይ አነሣሁ። እንጨቱ ለስልሷል። ብዙ ሰው ተቀምጦበታል።

በመቋሚያ የተመታ ሰው ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። አምስተኛውን መስመር ሰረዝሁ። ባዶውን ቦታ ምን ብዬ እንደምሞላው ጠየቅኋት። መጀመሪያ ይስሙ፣ ከዚያ ይሞላሉ፣ አለችኝ።

አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማለች፤ በእጇ ምንም የለ፤ ለግዢ የመጣች አትመስልም። ዘሀራ አስፈቀደቻት፦ መምህሬ ናቸው፣ በጥጉ ይቀመጡ ወይ? ሴትዮዋ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ዘሀራ ከጣቃዎቹ ኋላ በርጩማ አሳየችኝ፤ ሳልፍ በጆሮዬ፣ ዓይንዎን እንዳይጨፍኑ፣ አለች።

አልጨፍንም። የሚሰማ ሰው ደግሞ አይጽፍም። መዝገቤ፣ እዚህ ላይ